ነጥቡ ሲጠፋ በሽታው ለምን አይጠፋም? የጨው ውኃ ዓሦች ጥገኛ ተህዋስያንና ሕክምናቸው

በመስታወት ገንዳ ውስጥ በሚዋኝ የቀይ ባሕር ዓሣ ገላ ላይ አንድ ጠዋት የገበታ ጨው የተነሰነሰ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ይታያሉ። ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ያገኘውን መድኃኒት ሁሉ ይሞክራል። በአምስተኛው ቀን ነጥቦቹ በሙሉ ሲጠፉ ዓሣው ዳነ ብሎ እፎይ ይላል።

ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነጥቦቹ በብዙ እጥፍ ተመልሰው ይመጣሉ። በዚህ ጊዜ የተያዘው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ በገንዳው ውስጥ ያሉት ሁሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ በቀናት ልዩነትም አንድ በአንድ ያልቃሉ።

ይህ የጨው ውኃ ዓሣ በሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ በየትኛውም የዓለም ክፍል የሚደጋገም ስህተት ነው። ስህተቱ መድኃኒት ካለመስጠት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ለዓይን የሚታየውን ምልክት ከበሽታው ጋር አንድ አድርጎ ከማየት ይመነጫል።

የነጭና የጥቁር ዓባይ መገናኛ የሆነችው የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ከቀይ ባሕር በአየር መስመር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የጥገኛ ተህዋስያን ሕክምና ግን ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። ዛሬ ለጨው ውኃ ዓሦች ከሚሰጡት መድኃኒቶች ሦስቱ፣ ማለትም መዳብ፣ ክሎሮኪንና ፕራዚኳንቴል፣ በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ የሰውን ጥገኛ ተህዋስያን ለመዋጋት ያገለገሉ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባሕር ወደ መስታወት

ሱዳን በቀይ ባሕር ላይ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ጠረፍ አላት። ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ የሚገኘው የሳንጋኔብ ብሔራዊ የባሕር ፓርክ፣ ከዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤና ከሙካዋር ደሴት ጋር፣ በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ በ1963 ሰዎች በባሕር ሥር እንዲኖሩ የሞከረበት የሻዕብ ሩሚ ኮራልም በዚሁ ጠረፍ ይገኛል።

በዚህ ባሕር ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ ከእነዚህም መካከል በሌላ ባሕር የማይገኙ አሉ። ሐምራዊ ገላና ቢጫ ጭራ ያለው ታንግ፣ ቢጫዎቹ የቢራቢሮ ዓሦች እንዲሁም የቀይ ባሕር ክላውን ዓሣ በዓለም ዙሪያ በአኳሪየም ባለቤቶች የሚፈለጉ ናቸው።

በባሕር ውስጥ ያለ ዓሣ ከጥገኛ ተህዋስያን ነጻ አይደለም። ጥቂት ተህዋስያን ይዞ ጤነኛ መስሎ ይኖራል፤ ከገላው ለቀው የሚባዙት ልጆቻቸው በሰፊው ባሕር ውስጥ ሌላ ዓሣ ሳያገኙ በአብዛኛው ይሞታሉ። ባሕሩ ራሱ በሽታውን ያሳሳዋል።

በመስታወት ገንዳ ውስጥ ይህ ጥበቃ የለም። ከአንድ ዓሣ የወጣ ተህዋስ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ሌላ ዓሣ ያገኛል። በተጨማሪም ዓሣው በማጥመድ፣ በማጓጓዝና በውኃ ለውጥ ተጎሳቁሎ የሚመጣ በመሆኑ የመከላከል አቅሙ ተዳክሟል። ስለዚህ በባሕር ውስጥ ቀላል የነበረው ነገር በገንዳ ውስጥ ወረርሽኝ ይሆናል።

የነጭ ነጥብ አራት ምዕራፎች

በጨው ውኃ ዓሦች ላይ ነጭ ነጥብ የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የተባለ፣ በዙሪያው ፀጉር መሰል መዋኛዎች ያሉት ባለ አንድ ሕዋስ ተህዋስ ነው። በ1930ዎቹ በጃፓን ተስተውሎ የነበረ ሲሆን ዛሬ የሚታወቅበትን ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በለንደን የእንስሳት ማቆያ አኳሪየም ከተካሄደ ጥናት በኋላ በ1951 ነው።

የተህዋሱ ሕይወት በአራት ምዕራፎች ይከፈላል።

የመጀመሪያው በዓሣው ላይ የሚያልፈው ነው። ተህዋሱ ከቆዳውና ከመተንፈሻ ስንጥቡ የላይኛው ሽፋን ሥር ገብቶ የዓሣውን ሕዋሳት እየበላ ይወፍራል። የሚታየው ነጭ ነጥብ ይህ ነው። እንደ ውኃው ሙቀት ከ3 እስከ 7 ቀናት ይቆያል።

በሁለተኛው ምዕራፍ ተህዋሱ ጠግቦ ዓሣውን ይለቅና ወደ ገንዳው ወለል ይወርዳል። በአሸዋና በድንጋይ ላይ ለሰዓታት እየዳኸ ማረፊያ ይፈልጋል። ነጥቡ «የሚጠፋው» በዚህ ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ በጠንካራ ከረጢት ራሱን ሸፍኖ ይጣበቅና በውስጡ ይከፋፈላል። ከአንድ ከረጢት እስከ 200 የሚደርሱ አዳዲስ ተህዋስያን ሊወጡ ይችላሉ። ብዙዎቹ ከረጢቶች ከ3 እስከ 28 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈነዳሉ፤ በቤተ ሙከራ ግን እስከ 72 ቀናት የቆዩ ተመዝግበዋል።

በአራተኛው ምዕራፍ ከከረጢቱ የወጡት ጥቃቅን ዋናተኞች ዓሣ ፍለጋ ይበተናሉ። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። አብዛኞቹ ከከረጢት የሚወጡት በጨለማ፣ ዓሦቹ ከወለሉ አጠገብ ተጠግተው በሚያርፉበት ሰዓት ነው።

በስሌት እንየው። ከአንድ ተህዋስ 200 ተወልደው ከአሥሩ አንዱ ብቻ ዓሣ ቢያገኝ፣ በመጀመሪያው ዙር 20፣ በሁለተኛው 400፣ በሦስተኛው 8,000 ይሆናሉ። በመጀመሪያው ዙር የማይጎዳው ዓሣ በሦስተኛው የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

ከእነዚህ አራት ምዕራፎች መድኃኒት በእርግጠኝነት የሚያገኘው የመጨረሻውን ብቻ ነው። በዓሣው ቆዳ ሥር ያለው በቆዳው፣ በወለሉ ላይ ያለው በከረጢቱ ተሸፍኗል። ስለዚህ ሕክምና ማለት የመጨረሻው ከረጢት እስኪፈነዳ ድረስ መድኃኒቱን በውኃው ውስጥ ሳያቋርጡ ማቆየት፣ ወይም ዓሣውን ከከረጢቶቹ ማራቅ ነው።

ነጭ ነጥብ ያልሆኑት ጠላቶች

በዓሣው ላይ የሚታይ ለውጥ ሁሉ ነጭ ነጥብ አይደለም። ለአንዱ የሚሠራው መድኃኒት ለሌላው ላይሠራ ስለሚችል መለየቱ ወሳኝ ነው።

አሚሎኦዲኒየም፦ «ቬልቬት» በመባል የሚታወቀው በሽታ መንስኤ ነው። በገላው ላይ እንደ ወርቃማ ዱቄት ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስንጥቡን አስቀድሞ ስለሚያጠቃ ዓሣው ምንም ምልክት ሳይታይበት ትንፋሹ ይፈጥናል። ከአንድ ተህዋስ እስከ 256 ይወለዳሉ፤ በሞቀ ውኃ ዙሩ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል። በቀናት ውስጥ ገንዳን ባዶ ከሚያስቀሩት አንዱ ነው።

ብሩክሊኔላ፦ በተለይ ክላውን ዓሦችን ያጠቃል። ገላቸው በወፍራም ልጋግ ይሸፈናል፤ ቆዳቸው ይላጣል። ከዓሣው ሳይወርድ እዚያው ላይ ስለሚባዛ በፍጥነት ይገድላል። መዳብ አያድነውም፤ የተለመደው ሕክምና በጥንቃቄ የሚሰጥ የፎርማሊን ማጥለቂያ ነው።

ዩሮኔማ፦ በቆሸሸ ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣም መኖር የሚችል ተህዋስ ነው። በገላው ጎን ላይ ቀይ ቁስል ያስከትላል። ወደ ሥጋው ዘልቆ ከገባ ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ጠፍጣፋ ትሎች፦ ኒዮቤነዴኒያና ቤነዴኒያ የተባሉት ብርሃን የሚያሳልፍ ገላ ስላላቸው በዓሣው ላይ ሳይታዩ ይኖራሉ። ዓይንን ያደበዝዛሉ፤ ቆዳን ያቆስላሉ። እንቁላላቸው ክር መሰል ጅራት ስላለው በመረብና በድንጋይ ላይ ይጠላለፋል።

ባለቤቱ ምን ማስተዋል አለበት?

ነጥብ ከመታየቱ በፊት የዓሣው ጠባይ ይለወጣል። ገላውን ከድንጋይ ጋር ይፈትጋል፤ ምግብ ይንቃል፤ ከብርሃን ይሸሻል፤ ወይም ውኃ ከሚፈስበት ቦታ ፊት ለፊት ቆሞ አይነቃነቅም። የስንጥቡ ክዳን በፍጥነት ሲከፈትና ሲዘጋ ተህዋሱ መተንፈሻውን እንደያዘ መገመት ይቻላል።

አስተማማኙ ምርመራ ከቆዳው ወይም ከስንጥቡ ጥቂት ልጋግ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ማይክሮስኮፕ የሌለው ሰው ግን ዓሣውን ለ5 ደቂቃ ያህል በጨው አልባ ውኃ ውስጥ በማቆየት ጠፍጣፋ ትል እንዳለበት ማወቅ ይችላል፤ ትሎቹ ወደ ነጭነት ተለውጠው ይረግፋሉ። ይህ ውኃ በሙቀቱም ሆነ በአሲድነት መለኪያው ከገንዳው ጋር እኩል መሆን፣ ከክሎሪንም የጸዳ መሆን አለበት። ክሪፕቶካርዮንን ግን ይህ ዘዴ አያድንም፤ ተህዋሱ ከቆዳው ሥር ነውና።

የሕክምናው መጀመሪያ፦ ለይቶ ማቆያ

ኮቪድ ካስተማረን ቃላት አንዱ «ለይቶ ማቆያ» ነው። በዓሣ ሕክምናም ከማንኛውም መድኃኒት የሚቀድመው እርሱ ነው።

ለይቶ ማቆያው አሸዋም ድንጋይም የሌለበት ባዶ ገንዳ ነው። ይህ የሚሆነው በሁለት ምክንያቶች ነው፦ ከረጢቶች የሚደበቁበት ቦታ እንዳይኖር፣ የኮራል ድንጋይ መዳብን እየመጠጠ መጠኑን እንዳያዛባ። ለዓሦቹ መደበቂያ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ይበቃል። አየር ማስገቢያ፣ ማጣሪያና የአሞኒያ መለኪያ ግን የግድ ያስፈልጋሉ።

አዲስ የመጣ ዓሣ ሁሉ ጤነኛ ቢመስልም ቢያንስ ለ4 ሳምንታት በዚያ ቢቆይ ይመከራል። መረቡ፣ ባልዲውና ቱቦው ለዚያ ገንዳ ብቻ መሆን አለባቸው። በረጠበ መረብ ላይ የተጣበቀ አንድ ከረጢት የወራት ልፋትን ያፈርሳል፤ በፀሐይ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ግን ይገድለዋል።

መዳብ፦ ከገዚራ ቦዮች እስከ ዓሣ ገንዳ

ከካርቱም በስተደቡብ የሚገኘው የገዚራ የመስኖ እርሻ፣ በ1925 የሴናር ግድብ ሲጠናቀቅ፣ የዓባይን ውኃ በቦዮች መቀበል ጀመረ። ከውኃው ጋር የቢልሃርዚያን ተህዋስ የሚሸከሙ ቀንድ አውጣዎች ተስፋፉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እነዚህን ቀንድ አውጣዎች ለመግደል በቦዮቹ ውስጥ ከተጨመሩት ኬሚካሎች አንዱ ኮፐር ሰልፌት የተባለው ሰማያዊ የመዳብ ጨው ነበር።

ያው መዳብ ዛሬም በክሪፕቶካርዮንና በአሚሎኦዲኒየም ላይ ዋነኛው መሣሪያ ነው። በኮፐር ሰልፌት መልክ ሲሰጥ በአንድ ሊትር ውኃ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ግራም መዳብ መኖር አለበት። ከዚህ ሲያንስ ተህዋሱን አይገድልም፤ ከዚህ ሲበልጥ ዓሣውን ይመርዛል። ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተጣምረው የሚሸጡ የመዳብ መድኃኒቶች መጠናቸው የተለየ ስለሆነ በየራሳቸው መመሪያ ብቻ ይሰጣሉ።

መጠኑ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ለመረዳት ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ የውኃው ጥልቀት 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ። ሦስቱን አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል 200 ሊትር ይሰጣል። ለዚህ ሁሉ ውኃ የሚያስፈልገው መዳብ ቢበዛ 40 ሚሊ ግራም ነው፤ በኮፐር ሰልፌት ሲመነዘር የአንድ ግራም አንድ ስድስተኛ ገደማ። በሻይ ማንኪያ እየገመቱ መጨመር መርዝ መስጠት ነው።

መጠኑ በየቀኑ በመለኪያ እየተረጋገጠ ቢያንስ ለ3 ሳምንታት ሳይወርድ ይቆያል። አንድ ቀን መጠኑ ቢወርድና በዚያች ሌሊት ከረጢቶች ቢፈነዱ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

መዳብ ኮራል፣ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ባለበት ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይጨመርም። የገዚራን ቀንድ አውጣ የገደለው ነገር የገንዳውንም አይምርም። በኢትዮጵያ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል የደረሱበት እንዶድም በተቃራኒው ለዓሣ መርዝ ነው። አንዱን ፍጡር የሚያድን ነገር በአንድ ውኃ ውስጥ የሚኖረውን ሌላውን ሊገድል እንደሚችል ሁለቱም ያሳያሉ።

ያለ መድኃኒት ማከም

የክሪፕቶካርዮንን የጊዜ ሰሌዳ የተረዳ ሰው ያለ መድኃኒትም ሊያሸንፈው ይችላል።

የመጀመሪያው ዘዴ ገንዳ ማቀያየር ነው። ዓሣው በየ72 ሰዓቱ ወደ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ወደቆየ ሌላ ገንዳ ይዛወራል፤ አራት ጊዜ ሲደጋገም ወደ 12 ቀናት ይፈጃል። ከዓሣው የወረዱት ተህዋስያን ከረጢታቸው ከመፈንዳቱ በፊት በአሮጌው ገንዳ ውስጥ ይቀራሉ። ውኃው ሁሉ በየጊዜው ይደፋል፤ ዕቃው ታጥቦ ይደርቃል።

ሁለተኛው ጨዋማነትን መቀነስ ነው። የውቅያኖስ ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ፣ የቀይ ባሕር ደግሞ 40 ግራም ገደማ ጨው አለው። ይህ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 15 ግራም ገደማ ወርዶ ለሳምንታት ሲቆይ የተህዋሱ ከረጢቶች ውኃ መጥጠው ይፈርሳሉ፤ አብዛኞቹ ዓሦች ግን ይቋቋሙታል። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በኤይላት በ1980ዎቹ የተደረገ ጥናት፣ ጨዋማነቱን ለ3 ሰዓታት ብቻ ወደ 10 ግራም ማውረድ፣ በየ3 ቀኑ አራት ጊዜ ሲደጋገም ውጤት እንደሚሰጥ አሳይቷል።

ይህ ዘዴ ሁለት ገደቦች አሉት። ዝቅተኛ ጨዋማነትን የሚቋቋሙ የክሪፕቶካርዮን ዓይነቶች ተገኝተዋል፤ አሚሎኦዲኒየምም በዚህ ዘዴ አይጠፋም።

ክሎሮኪን፦ ለሰው የተሠራ፣ ለዓሣ የተረፈ

ክሎሮኪን ለአሥርት ዓመታት በሱዳንም በኢትዮጵያም የወባ ዋነኛ መድኃኒት ነበር። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተህዋስ ስለተላመደው ሁለቱም አገሮች በ2004 ለዚህ ዓይነቱ ወባ ወደ አርቴሚሲኒን ጥምር መድኃኒቶች ዞረዋል። በኢትዮጵያ ለቫይቫክስ ወባ ግን አሁንም ያገለግላል።

በጨው ውኃ ዓሦች ሕክምና ክሎሮኪን ፎስፌት በአንድ ሊትር ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም እየተሰጠ ለክሪፕቶካርዮንና ለአሚሎኦዲኒየም ይውላል። ዓሦች ከመዳብ ይልቅ ሊቋቋሙት ይችላሉ፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ መጠኑን የሚለካ ቀላል መሣሪያ የለም፤ ብርሃን ያበላሸዋል፤ ኮራልንና አልጌንም ይጎዳል።

በመጋቢት 2020፣ ክሎሮኪን ኮቪድን ይከላከላል የሚለው ወሬ በተናፈሰበት ሰሞን፣ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የሚኖሩ ባልና ሚስት ለዓሣ ገንዳ የተሠራውን ክሎሮኪን ፎስፌት ዋጡ። ባልየው ሞቱ፤ ሚስትየው ሆስፒታል ገቡ። ለዓሣ የተዘጋጀ ኬሚካል ለሰው የሚሆን የጥራት ቁጥጥርም ሆነ የመጠን ልክ የለውም።

ተቃራኒውም እውነት ነው። ወባ ሰው በሚገድልበትና መድኃኒት በሚያጥርበት አገር ለሕሙማን የመጣን እንክብል ለዓሣ ገንዳ መግዛት ተገቢ አይሆንም። መዳብና ገንዳ ማቀያየር እያሉ ክሎሮኪን የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባውም።

የቫይቫክስ ወባ ሌላም ትምህርት አለው። ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላ ተህዋሱ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ለዚህም ተጨማሪ መድኃኒት ያስፈልጋል። በገንዳው ወለል ላይ የተጣበቀው ከረጢት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ፕራዚኳንቴልና የካርቱም ሆስፒታል ታሪክ

በካርቱም የጥገኛ ተህዋስያን ምርምር ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዛሬ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ በሆነው በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ የዌልካም የሐሩር ክልል ምርምር ቤተ ሙከራዎች በ1903 በአንድሩ ባልፎር መሪነት ሥራ ጀመሩ። በዓባይ ላይ የሚንሳፈፍ ቤተ ሙከራም ነበራቸው።

በካርቱም ሆስፒታል ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ብራያን ክሪስቶፈርሰን ደግሞ በደም ሥር የሚሰጥ የአንቲሞኒ ውሁድ ቢልሃርዚያን እንደሚያድን በ1918 አሳተመ። ለበሽታው ውጤታማ ሕክምና ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። መድኃኒቱ ግን መርዛማ ነው፤ በሚያድነውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነበር።

ያንን ዘመን ያበቃው ፕራዚኳንቴል ነው። ዛሬ በሱዳንና በኢትዮጵያ የቢልሃርዚያ ሥርጭት ባለባቸው አካባቢዎች ለተማሪዎች በዘመቻ ይታደላል። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትልና በዓሣ ቆዳ ላይ የሚኖረው ጠፍጣፋ ትል በሥነ ሕይወት ምደባ ዘመዳሞች ስለሆኑ አንዱን የሚያጠቃው መድኃኒት ሌላውንም ያጠቃል።

ለዓሣ በአንድ ሊትር ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ገደማ በውኃው ውስጥ ይሰጣል። ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የተፈለፈሉት እጮች አድገው እንቁላል ከመጣላቸው በፊት፣ መደገም አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ መስጠት ዛሬን ማስታገስ እንጂ ማዳን አይደለም።

የካርቱም ሙቀት፣ ውኃና መብራት

በካርቱም በበጋ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ሙቅ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ሲሆን የጥገኛውም ሕይወት ይፋጠናል። ስንጥቡ በተህዋስያን የተጎዳ ዓሣ፣ በዚያ ላይ መዳብ ወይም ፎርማሊን ሲጨመርበት፣ በቂ አየር ካላገኘ ከበሽታው በፊት በመታፈን ይሞታል። በሕክምና ጊዜ የአየር ማስገቢያውን መጨመር፣ ውኃውንም ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

ከባሕር ርቆ የሚኖር ሰው የጨው ውኃውን የሚያዘጋጀው ራሱ ነው። የከተማ ውኃ ክሎሪን፣ አንዳንድ ጊዜም ብረታ ብረት አለው፤ በክረምት ደግሞ ጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ አካባቢ ያመጣው ደለል ወንዙን ያደፈርሰዋል። ስለሆነም የተጣራ ውኃ ከተዘጋጀ የባሕር ጨው ጋር ይቀላቀላል። በ40 ሊትር መያዣ ገንዳ የማቀያየርን ዘዴ መጠቀም በአራቱ ዙር 160 ሊትር ውኃ፣ በቀይ ባሕር ጨዋማነት ልክ ደግሞ 6.4 ኪሎ ግራም ጨው ይጠይቃል። ይህን አስቀድሞ ያላሰላ ሰው ሕክምናውን በመካከል ያቋርጣል።

የመብራት መቋረጥም አለ። አየር ማስገቢያው ለጥቂት ሰዓታት ሲቆም በመዳብ ውስጥ ያለ የታመመ ዓሣ ከጤነኛው ቀድሞ ይሞታል። በባትሪ የሚሠራ አየር ማስገቢያ ስለዚህ ከመድኃኒቱ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

ተዘግቶ የሚኖር እንስሳ ሕይወቱ ሙሉ በሙሉ በጠባቂው እጅ መሆኑን ካርቱም በመራራ መንገድ አይታለች። ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲጀመር፣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ አካል በሆነው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ በሕይወት ይጠበቁ የነበሩ እንስሳት ሠራተኞች ሊደርሱላቸው ባለመቻላቸው ምግብና ውኃ አጥተው ሞተዋል። የሰው ልጅ መከራ በበረታበት ጊዜ የእንስሳት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዓሣን ከባሕር አውጥቶ በመስታወት ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ባሕሩ ይሠራለት የነበረውን ሥራ ሁሉ እንደተረከበ ማወቅ አለበት።

አይሠሩም የሚባሉት

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከምግብ ጋር መስጠት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። የታመመን ዓሣ የምግብ ፍላጎት ሊያነሣሱ ይችላሉ፤ ክሪፕቶካርዮንን እንደሚያድኑ ግን አልተረጋገጠም። በአልትራቫዮሌት ጨረር የሚሠሩ ማጣሪያዎች በውኃው ውስጥ የሚዋኙትን ተህዋስያን ይቀንሳሉ እንጂ አያጠፉም።

«መድኃኒት ሳልሰጠው ዳነ» የሚሉ ሰዎች ያዩት ነገር ሐሰት አይደለም። በጥቂቱ ተይዞ የተረፈ ዓሣ ለወራት የሚቆይ የመከላከል አቅም ያዳብራል፤ ምልክቱም ይጠፋል። ተህዋሱ ግን በስንጥቡ ላይ በጥቂቱ እየኖረ አዲስ ዓሣ እስኪገባ ይጠብቃል። ለአዲሱ እንግዳ ሞት ምክንያት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ይህ «የዳነው» ዓሣ ነው።

ዋናውን ገንዳ ማጽዳት

ዓሦቹ በለይቶ ማቆያ እየታከሙ ሳለ ዋናው ገንዳ ያለ አንድም ዓሣ ከ6 እስከ 11 ሳምንታት መቆየት አለበት። ኮራሎቹ፣ ሽሪምፖቹና ቀንድ አውጣዎቹ እዚያው ይቆያሉ፤ ተህዋሱ እነርሱን አይበላም። ከረጢቶቹ አንድ በአንድ ይፈነዳሉ፤ የሚወጡትም ዋናተኞች ዓሣ አጥተው ይሞታሉ። ሙቀቱ ከፍ ባለ መጠን ይህ ሂደት ይፋጠናል።

በዚህ ጊዜ አንዲት ትንሽ ዓሣ እንኳ በገንዳው ውስጥ ከቀረች ዑደቱ አይቋረጥም። ከሌላ ገንዳ የመጣ ድንጋይ ወይም ኮራልም ከረጢት ተጣብቆበት ሊመጣ ስለሚችል ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምራል።

የታከመበት ውኃ መዳብ ወይም ፎርማሊን ስላለበት ወደ ወንዝ፣ ወደ ቦይ ወይም ወደ ባሕር አይደፋም። ከሌላ ባሕር የመጣ ዓሣም ወደ ቀይ ባሕር አይለቀቅም፤ ከእርሱ ጋር እንግዳ ተህዋስ ሊገባ ይችላልና።

ባለቤቱ ከመድኃኒቱ ጎን ሊይዘው የሚገባው ነገር ማስታወሻ ደብተር ነው። ነጥቡ የታየበትን፣ የጠፋበትን፣ መድኃኒቱ የተጀመረበትንና መጠኑ የተለካበትን ቀን ይጻፍበት። ሕክምናው የሚያበቃው ነጥቡ በጠፋበት ቀን ሳይሆን በደብተሩ ላይ የተቆጠሩት ሳምንታት ሲሞሉ ነው።